የአባቴ ጺም

ጥር 6
አሥራ አንድ ራስ፣ አራት ጺም። ወገቤ ተቆረጠ። ሱቁን ልዘጋ ስል የሰፈራችን ቡድን ጎል ጠባቂ መጣ… ማጅራቱ ላይ ሦስት ብጉንጅ፣ አንዱ መግል ቋጥሯል። "ቀስ ብለህ ዙርያውን ላጨኝ፣ ነገ ግጥሚያ አለብኝ።" ልመልሰው ይገባኝ ነበር። እምቢ ማለት መቼ ችዬበት አውቃለሁ? ላጨሁትና ምላጩን ጣልኩ። ፎጣውን በባዶ እጄ አጠብኩ።

ጥር 10
ቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ቀላ ብሏል። የሆነ ነገር ነክሶኝ ይሆናል።

ጥር 12
አበጠ። መቀስ ስይዝ ይጠዘጥዘኛል። እናቴ የብስኩት ቆርቆሮዋን አወጣች። የቤታችን ፋርማሲ! ሳንጨርስ የተውነው መድኃኒት ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል… የእህቴ የጥርስ፣ የእኔ የቶንሲል፣ የማን እንደሆነ የተረሳ ቢጫ እንክብል።
"ሁለት ዛሬ፣ ሁለት ነገ ዋጥ አድርግ።"
"የምንድን ነው?"
"የቁስል ነዋ! ቁስል ሁሉ አንድ ነው።"
ዋጥኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።

ጥር 15
እብጠቱ ጎደለልኝ። የተረፈውን እንክብል ወደ ቆርቆሮው መለስኩ።
አባባን ላጨሁት። ከኩላሊት እጥበቱ በፊት ሁልጊዜ እላጨዋለሁ። "ጎፍሬ ማሽን ፊት አልቀርብም" ይላል። አንገቱ ሥር የተተከለችው ቱቦ አጠገብ ቆዳውን በጣቴ ወጠር እያደረግኩ… የእጄ ፕላስተር ረጥቦ ሁለቴ ተላቀቀ። መልሼ ለጠፍኩት።

ጥር 19
አባባ እጥበቱ ላይ እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ቤት አልመለሱትም። አስተኙት።

ጥር 20
ቱቦው ሥር ቀልቷል። የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም አላደረገለትም። ሐኪሟ የእህቴን ልጅ ታክላለች፤ ስታስረዳ ግን አትቸኩልም። መድኃኒት የተላመደ፣ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ነው አለች። ቆዳ ላይ፣ አፍንጫ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ጤነኛውን ሰው ብጉንጅ አውጥቶበት ይተወዋል። እንደ አባባ ቱቦ የተተከለበትን፣ ከቀዶ ጥገና የወጣውን፣ አቅመ ደካማውን፣ ጨቅላውን ግን ደሙ ውስጥ ይገባበታል። ፎጣና ምላጭ የሚዋዋሱ ስፖርተኞችም ይይዛቸዋል…
ጎል ጠባቂው ትዝ አለኝ።
"ቤት ውስጥ ቁስል ያለበት ሰው አለ?"
"ኧረ የለም!" አለች እናቴ።
እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ጥር 21
ሌላ መድኃኒት ጀምረውለታል። ትኩሳቱ አልወረደም። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለች ያሳደገችን እናቴ ናት። ግን የሸሸግኩት እኔ፣ የሚሞተው እሱ… አባቱን የገደለ ፀጉር አስተካካይ እንዳልባል ፈራሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 22
እጄን ለሐኪሟ አሳየኋት። ቆርቆሮውንም ይዤላት ሄድኩ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከእጄ ናሙና ወሰደች፣ ከአፍንጫዬም። እናቴ ኮሪደሩ ላይ "እኔ ነኝ ያስዋጥኩት፣ እኔ ነኝ" እያለች አለቀሰች። እህቴ ወንበር ሰጠቻት። ማን ማንን ያጽናና?
እጄ እስኪድን ሱቁን ዘግቻለሁ።

ጥር 26
ውጤት መጣ። የእኔም የእሱም አንድ ዓይነት ነው። ከእኔ ነው የሄደበት?
"ሊሆን ይችላል። እዚሁ እኛ ጋ ይዞትም ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት አላውቅም" አለች ሐኪሟ።
ይህን ተሸክሜ ልኖር ነው ማለት ነው።
የድሮዋን ቱቦ አወጡለት፤ በሌላ በኩል አዲስ ይተክሉለታል። ትኩሳቱ ዛሬ ወረደ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 3
ለአባባ ነገርኩት። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ከዚያ… "ከዚያች ቆርቆሮ እኔስ ስንቴ ውጫለሁ" አለ። ደክሞኛል።

የካቲት 18
እጄ ድኗል፤ ሐኪሟ አይታዋለች። ሱቁን ከፈትኩ። ፎጣ ለየሰው አንድ፣ በፈላ ውኃ። ጎል ጠባቂው መጣ፤ አሁን ደግሞ ብብቱ ሥር ወጥቶበታል። "መጀመሪያ ታከም" ብዬ መለስኩት። አኮረፈ። ያኩርፍ።

የካቲት 21
አባባ ቤት ገባ። ከስቷል፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። አንድ ወር ጺሙን ማንንም አላስነካም። እህቴ ልላጭህ ብትለው "ባለሙያ ወልጄ?" አላት።
ዛሬ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ጓንት ሳጠልቅ አየኝ።
"አውልቀው።"
"አባባ…"
"አውልቀው አልኩህ! ልጄ አይደለህም እንዴ? የምትጠየፈኝ ነው የምትመስለው።"
ድምፁ ተሰበረ። እሱን እምቢ ብዬው አላውቅም፣ በልጅነቴም።
"አላወልቅም፣ አባባ። አገጭህን ቀና አድርግ።"
ጓንቱን እንደገና አየው። ከዚያ ቀና አደረገ።