አሥራ ስምንት ተብሎ ስለተጻፈው የባለቤቴ ትንፋሽ

ለተከበሩ አቶ ቪልፍሪድ ሄይለን
የሆስፒታላችን የነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ ሳንባዎ ሁልጊዜ ደህና እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ ትንፋሹን በእርስዎ ሠራተኞች ማስቆጠርን ለጠላቴም አልመኝምና።

እኔ ጎድሊቭ ክላሰን እባላለሁ። ባለቤቴ ላምበርት ሃያ አራት ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር የዋጠው አቧራ ሳንባውን አድርቆት፣ ይኸው አሥራ አንድ ቀን ክፍል ዘጠኝ ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ተኝቷል። እኔ ደግሞ በመንደራችን የርግብ አሽቀዳዳሚዎች ማኅበር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሰዓት ያዥ ነበርኩ። ርግቧ ከፈረንሳይ ተለቃ ጎጆዋ የገባችበትን ሰከንድ የሚመዘግበውን ሰዓት ማንም እንዳይነካካው የማሽገውም የምከፍተውም እኔ ነበርኩ። በዚያ ሥራ ላይ የማይዋሽ ሰው አላየሁም፤ ቄሱ እንኳ አንድ ጊዜ ሊሸውዱኝ ሞክረዋል። ስለዚህ መጠራጠር ሙያዬ መሆኑን ከወዲሁ ተረድተው ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ በአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ቻርት ላይ ባለቤቴ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ በየአራት ሰዓቱ ይጻፋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት የተጻፈው ሁሉ የጤነኛ ሰው ልክ፣ አሥራ ስምንት ነው። ሲተኛ አሥራ ስምንት፣ ሲበላ አሥራ ስምንት፣ ከመጸዳጃ ቤት ተደግፎ ሲመለስና ከንፈሩ ሲጠቁርም አሥራ ስምንት። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ራጅ ሊነሣ ምድር ቤት ወርዶ አልጋው ባዶ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጥኩትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለዚያም ሰዓት አሥራ ስምንት ተብሎ ተጽፏል። ባዶ አልጋ ሳይቀር በጤና የሚተነፍስበት ሆስፒታል ስላለን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ እኔም በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አንዴም ሠላሳ አንድ። ይህንኑ ለክፍሉ ኃላፊ ለሲስተር ማርሊን በአክብሮት ባቀርብላቸው፣ «እማማ፣ እዚህ የርግብ ውድድር የለም» ብለው ፈገግ አሉ። እውነታቸውን ነው። ርግብ ብትሆን ኖሮ ማንም በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ብቻ ቁጥር አይጽፍላትም ነበር። ላምበርት ራሱ ሁለት ሁለት ቃል ተናግሮ እያረፈ፣ «ተይ በቃ... እኔ ሳላስበው... ነው የምተነፍሰው... አንቺ ቆጥረሽ... ጨረስሽኝ» ይለኛል። ባሌ ሰው ማስቀየም አይወድም፤ እንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ እንደሚመቻችሁ ይገባኛል።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ አቤቱታዬን ለሲስተር ማርሊን በጽሑፍ ካስገባሁ ወዲህ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ። ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ማንም ቀርቦ ሲቆጥር አላየሁም። ርግቦቼ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ገቡ ብሎ የተያዘ አንድ ጎረቤቴም በሚቀጥለው እሑድ ልክ እንዲህ አሳምሮ፣ በታትኖ ነበር ያመጣልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

አራተኛውን ስጽፍ ግን ትሕትናው ያልቅብኛል። ከሠራተኞችዎ መካከል የምትቆጥር አንዲት ነበረች፤ ሲስተር አኒክ ትባላለች። በሰባተኛው ቀን መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና፣ የልቡን ምት የምትለካ መስላ ጣቷን አንጓው ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ ግን ደረቱ ላይ ነበር፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል ብላ በኋላ ነገረችኝ። ትራስ ደርባ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ አየሩን ቀስ አድርጎ እንዲያስወጣ አለማመደችው፤ ሠላሳ ሁለት ብላ ጽፋም ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠለት። ያን ቀን ላምበርት ሾርባውን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ እኔም ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። በማግስቱ አኒክ ወደ ዓይን ሕክምና ክፍል ተዛወረች። ሥራ ታዘገያለች አሉ። አንድ ደቂቃ ለመቁጠር አንድ ደቂቃ ሙሉ ትፈጃለችና፣ ክሱ ትክክል ነው።

ከዚያ ወዲህ ትንፋሹ እንደገና እየከበደ ነው። ቻርቱ ግን «የተረጋጋ» ስለሚል ዓርብ ወደ ቤት እንደሚሸኝ ተነግሮናል። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። በዚህ ሁኔታ ቤት ከገባ ይሞትብኛል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዓርብ በፊት አኒክን ለአንድ ደቂቃ ያውሱኝ። እርሷ ካልተገኘች እርስዎ ራስዎ ይምጡ፤ ወንበሬን እለቅልዎታለሁ።

ለሠራተኞችዎ ፈጣን እጅና ለማይደክመው ብዕራቸው ያለኝን የላቀ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ዘበኛ ካላነሣኝ በቀር ከባሌ አልጋ አጠገብ የማልነሣ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ጎድሊቭ ክላሰን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣም ልልክ ስል እንደገና ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አራት። ቻርቱ ዛሬም አሥራ ስምንት ይላል። የቀሩትን አሥራ ስድስቱን የሚተነፍስለት ሌላ ሰው ካለ፣ እባክዎ ስሙን ይንገሩኝ፤ ዓርብ አብሮን ወደ ቤት ይምጣ።