ወደ በሩ የሚፈስ ወለል ላጸደቁልን ክቡር ኃላፊ

ትናንት ጠዋት ዘጠነኛው ሴራሚክ ከመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ወደቀ። በሰዓቱ ከሥሩ ሰው አልነበረም።

ለተከበሩ የቤቶች ግንባታ ድርጅት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ እግርዎ ለሚረግጠው ወለል ደግሞ ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። በአሥር ወር ውስጥ የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች ከእርስዎ ከራስዎ መልስ ስላላገኙ፣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዲሉ፣ አራተኛውን ሌላው ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጋዜጣ ልኬዋለሁ። ይህን ያደረግሁት የመዝገብ ቤት ሠራተኞችዎን ድካም ለመቀነስ ብቻ መሆኑን ይረዱልኝ።

ቤቱን የገዛነው ለእናቴ ነው። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ከታከመች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ እህቴ ዘንድ ትኖራለች፤ ገላዋን ለመታጠብም የእህቴን ከሥራ መመለስ ትጠብቃለች። ደረጃ የሌለው ቤት የፈለግነው ለዚህ ነበር። እሷ ራሷ ስትጠየቅ «ትልቅ ነገር አላማረኝም፤ በሩን ዘግቼ ብቻዬን መታጠብ ነው» ትላለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ያነጠፉት፣ ባልደረቦቻቸው «ሚሊሜትር» የሚሏቸው ባለሙያ ናቸው። እሳቸውም ውሃ ልክ የሚባለው መለኪያ የጀማሪ ዕቃ መሆኑን አስረድተውን ሥራውን በዓይናቸው ለክተው ጨርሰዋል። በዚህም የፍሳሽ መውረጃው ከክፍሉ ሁሉ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ችሏል። ውሃ ሽቅብ መሄድን ገና ስላልለመደ በበሩ ሥር አልፎ ለእናቴ ወዳዘጋጀነው መኝታ ክፍል ይገባል። መውረጃው ግን ቁልፍ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ ጠብታ ሳይነካው እንደ አዲስ አለ፤ ስለ ንጽሕናው እናመሰግናለን።

፪ኛ. እናቴ ቤቱን ልታይ በመጣች ዕለት የግድግዳውን ሴራሚክ በምርኩዟ ጫፍ ቀስ እያለች አንድ በአንድ አንኳኳች። ከጀርባው ሲሚንቶ ያልገባው ሴራሚክ እንደ ባዶ ጣሳ ስለሚጮህ፣ የጮኸውን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግንበት፤ አርባ ሦስት ሆነ። የላኩልን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መጥተው ግድግዳውን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ ለሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ እርጥብ ጨርቅ እንድታመጣ ነገሯት። በሳምንቱ የደረሰን ሪፖርት «በግድግዳው ላይ የታዩት አርባ ሦስት ምልክቶች ሙሉ በሙሉ ተወግደዋል» ይላል። እውነት ነው፤ አንድም አልቀረም። ብዙ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ሐሰት የሌለበት ግን አልገጠመኝም።

፫ኛ. ሴራሚኮቹ መውደቅ ሲጀምሩ መሥሪያ ቤትዎ ምክንያቱን ለማጣራት ሁለት ቀን ብቻ ፈጀበት፤ ጥፋተኛው የእናቴ ምርኩዝ ሆኖ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባል ተረት እንዳለ ለመሐንዲሱ ባስታውሳቸው፣ ተረቱን በጽሑፍ አድርጌ በመዝገብ ቤት በኩል እንዳስገባ መከሩኝ። ይኸው በጋዜጣ በኩል አስገብቻለሁ።

፬ኛ. ባለፈው ወር የተላከልንን ጥገና ሳላነሳ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሚሊሜትር ተመልሰው መጥተው በሩ ሥር ግማሽ ስንዝር የሚሆን ደፍ ሠሩልን። አሁን ውሃው መኝታ ክፍል መግባቱን ትቶ እዚያው ደፉ ጥግ እስከ ቁርጭምጭሚት ይቆማል፤ እናቴ ደግሞ እግሯን ያን ያህል እንዳታነሳ ሐኪሟ ከልክሏታል። ባለሙያው ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይሄ ተፈንቅሎ እንደገና ነው መሠራት ያለበት፤ ግን ከላይ ሳይታዘዝ እጄን አላስገባም» አሉኝ። በጉዳዩ የሰማሁት ብቸኛ የሙያ አስተያየት ይህ ስለሆነ፣ ተናጋሪው እንዳይጎዱ የመዝገብ ስማቸውን አልጻፍኩም።

«ከላይ» የተባሉት እርስዎ ነዎት። የቤቱ የአንድ ዓመት ዋስትና ሊያበቃ ቀናት ቀርተውታል፤ ካበቃ በኋላ ወለሉ የእኛ ችግር፣ እናቴም የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ሆና ትቀራለች።

ለትዕግሥትዎ፣ በተለይም እኛ ላይ ለተለማመዱት ትዕግሥት፣ ልባዊ አድናቆቴን እየገለጽኩ፣ ቢሮዎ እንደ ወለላችን ሳይሆን ቀጥ ብሎ እንዲቆምልዎ የምመኝ፣

ታዛዥዎ፣
ካልሲው የማይደርቅ የቤት ባለቤት

ማስታወሻ፦ ጉዳያችን የቀረበለት የመሥሪያ ቤትዎ ኮሚቴ ሰባት አባላት እንዳሉት ሰምቻለሁ። መታጠቢያ ቤታችን ሰባት ሰው በቁም ይይዛል፤ ስብሰባውን እዚያ ለማድረግ ከፈቀዱ ቧንቧውን እኔ እከፍታለሁ፤ ወንበር ስለማይገባም ውይይቱ እንደማይረዝም አምናለሁ። ወለሉ ይፈንቀል ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው ውሳኔ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይጠበቃል። ዋስትናው የሚያበቃው ዓርብ ነው።