ለአንዲት ክፍል የሚበቃ ድምፅ

ውድ የልጄ አባት፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ቃል ይጀመራል ብላ የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ስላስተማረችን ነው። ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው።

ልጃችን መልእክትህን ነግራኛለች። ቴሌቪዥኑን የገዛችልኝ እሷ ናት። ድምፁ ግን ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ሰዎቹ ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠኛል ብዬ ባማርር፣ «እንግዲያው ደህና የድምፅ መሣሪያ እንጨምርበት» አለችኝ። ይህንኑ ለአንተ ስትነግርህ «እሷ ምን ታውቃለች? እኔ እመርጥላታለሁ» አልክ። ከዚያም የሠራንበት ሲኒማ ቤት ሲዘጋ ይዘሃቸው የሄድከውን ሁለቱን ስፒከሮች ጭነህ እንደምትመጣ፣ ራስህ እንደምትገጥማቸው፣ ያለ ባለሙያ ስለማይሠሩም እዚያው እኔ ዘንድ እንደምትቆይ ነገርካት።

ክፍሌን አይተሃት አታውቅም። ርዝመቷ አራት ሜትር፣ ወርዷ ሦስት ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ከገቡባት በኋላ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። የአንተ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው እኔን ያክላሉ። እነሱ ከገቡ እኔ ደጅ ማደሬ ነው። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ነገሩ ገባኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሬን ያላንኳኳህ ሰው፣ ስፒከሮቹን አስቀድመህ ከኋላቸው ልትገባ ነው።

ልጃችን ደስታዋን አልቻለችውም። «እማዬ፣ አባዬ እኮ ብቻውን ነው። ደግሞ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስንት ሰው ይመሰክርለታል! ይምጣና ያስተካክልልሽ» ትለኛለች። እምቢ ካልኩ ክፉዋ እኔ ነኝ። እሺ ካልኩ ደግሞ በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ በገዛ ክፍሌ ውስጥ፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ልባል ነው። ስለዚህ ቀደምኩህ። ማክሰኞ ዕለት ልጃችንን አስከትዬ ሱቅ ሄድኩ።

ሱቁ ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሰፊ አዳራሽ ነው። ሻጩ መላጣ፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈው፣ ምላሱ የማይደክም ሰውዬ ነው። አምስት ስፒከር ከነዉፈሩ ወደተደረደረበት ወሰደን። ዉፈሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን፣ ብቻውን በርጩማ ያክላል። ፍንዳታ የበዛበት ፊልም ከፍቶ መስኮቱን ሁሉ አንቀጠቀጠው።

«ማዘር፣ ይኼን ከወሰዱ ቤትዎ ሲኒማ ሆነ በቃ!»

«ሲኒማ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ይኼ ግንብ ሲፈርስ ነው። በል ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ክፈትልኝ።»

«ወሬማ በምንም ይሰማል! ይኼን ሁሉ ወጪ ለወሬ ነው እንዴ የሚያወጡት?»

«አዎ፣ ለወሬ ነው። ፍንዳታውንማ ጎረቤትም ይሰማልኛል።»

ልጃችን አፍራ የሹራቤን ጫፍ ጎተተችኝ። እኔ ግን ገና መጀመሬ ነበር።

«ካርቶን የምታስቀምጡበት ክፍል ስንት በስንት ነው?» አልኩት።

«እንዴ፣ እሱ ምን ያደርግልዎታል? ጠባብ ነው እኮ።»

«የእኔም ቤት ጠባብ ነው። ኮት ስትገዛ በወንድምህ ትከሻ ትለካለህ?»

ሳቀና በሩን ከፈተልኝ። ገብቼ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ካርቶኑ ድምፁን ዋጥ አደረገው፤ የእኔ ቤት መጋረጃና አልጋም እንደዚያው ያደርጋል። አምስቱን ስፒከሮች ከነዉፈሩ እያለከለከ አስገባቸው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ማውራት ሲጀምሩ የወንዱ ድምፅ እንደ ወፍጮ ጎርነን ብሎ የሴትየዋን ንግግር በላው። ሻጩ ራሱ «እህ» አለ።

«አየህ? አሁን ያችን ቀጭኗን አምጣልኝ።»

ቀጭኗ ሳውንድ ባር የሚሏት ናት፤ ቴሌቪዥኑ ሥር የምትጋደም፣ ከክንዴ ትንሽ የምትረዝም፤ አብሯት ያለው ዉፈር የውሃ ባልዲ አያክልም። በሪሞቱ ድምፁን ቀንስ አልኩት። ቀነሰ። አሁንም ቀንስ አልኩት። «ከዚህ በታችማ ሹክሹክታ ነው ማዘር» አለ። እኔም እሱን ነበር የፈለግኩት። ጮክ ሲባል ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ዝቅ ሲል ነው ገመናው የሚወጣው። ሴትየዋ ለሰውየው ቀስ ብላ የነገረችውን አንዲት ቃል ሳትቀር ሰማሁ። ከዚያ ካርቶኑን አነሣሁና ማንበብ ጀመርኩ።

«መነጽር ላምጣልዎት?»

«ጊዜ ብቻ ስጠኝ።»

መሃል ላይ ያለችው ስፒከር ለንግግር የተለየች እንደሆነች፣ ከቴሌቪዥኑ ጋርም በአንድ ገመድ እንደምትገናኝ ራሴ አነበብኩ። አንድ ጊዜም አልተሳሳትኩም። ሻጩም ሳይቸኩል ጠበቀኝ፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

ቤት ስንደርስ ዉፈሩን መጀመሪያ ጥግ ውስጥ አስገባሁት፤ አጉረመረመ። ሁለት ክንድ ወደፊት አመጣሁት፤ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረግኩለት፤ አደብ ገዛ። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ብቅ ብላ «ምነው፣ ዛሬ ትገጥሚዋለሽ አላልሽም ነበር?» አለችኝ። ፊልሙ እኮ ተከፍቶ ነበር። ያኔ በትክክል እንደመረጥኩ አወቅኩ።

ልጃችን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በመገረም ስታየኝ ቆየች። «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ከአባዬ ነው የተማርሽው፣ አይደል?» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ጥያቄ ስል ነው።

አንተ ከመስታወት ጀርባ፣ ከፊልም ማሽኑ ጋር ነበርክ። ከራስህ በላይ በተሰቀለችው ትንሽ ስፒከር የምትሰማው ሌላ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ሌላ ነበር። ሰው ሲሞላ ድምፁ ይዋጣል፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ያስተጋባል። ይህን ከመስታወቱ ጀርባ ሆነህ ልታውቀው አትችልም ነበር። እኔ ግን ከኋላው በር አጠገብ እቆማለሁ። መጥረጊያዬን ሽቅብ ካነሣሁ ትጨምራለህ፤ ቁልቁል ካወረድኩ ትቀንሳለህ፤ ደረቴ ላይ ካቀፍኩት እንዳለ ትተወዋለህ። ሰዉ ሲወጣ «የዚህ ቤት ድምፅ እኮ!» እያለ እጅህን ይጨብጣል። እኔ በዚያው መጥረጊያ የለውዝ ልጣጭ እጠርጋለሁ።

ልጃችንን የወለድኩበትን ሳምንት አስታውስ። ያለ እኔ ቀርተህ አዳራሹ ሙሉ ሲያፏጭብህ፣ «ማሽኑ ታመመ» ብለህ ደህናውን ማሽን በሁለት መካኒክ ብሎን በብሎን አስፈታኸው። ምንም አልተገኘበትም። እኔ ከአራስ ቤት ስመለስ ዳነ። አንዱ መካኒክ እስኪሞት ድረስ ምስጢሩ አልገባውም።

ይህን ሁሉ ባትናገረውም እችለው ነበር። ባልና ሚስት ተጋግዘን ሠራን ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ሌላ ሴት ጋ የሄድከውንም ውጬዋለሁ። የማይዋጠው ሌላ ነው።

ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሳሙና መጠቅለያውን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የአውቶቡሱን ሰሌዳ። ባለፈው ወር አንተ ትተኸው የሄድከውን፣ እኔ ግን ይዤው መጥቼ ቁም ሣጥኑ ሥር ያኖርኩትን፣ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሰጠህን የምስጋና ደብዳቤ አወጣሁ። በመስታወት አስገብተህ ማሽኑ ክፍል ውስጥ የሰቀልከው ነው። በመጣበት ቀን ቆመህ አነበብክልኝ፤ «ስለ ጆሮዎ ትክክለኛነት» እያልክ። በደስታ አልቅሼ ነበር። በየሳምንቱ መስታወቱን እወለውል ነበር።

ደብዳቤው ሁለት አንቀጽ አለው። አንተ አንዱን ብቻ ነው ያነበብከው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ «በአዳራሹ ውስጥ ቆመው ድምፁን የሚመሩልዎትን ባለቤትዎንም ከልብ እናመሰግናለን። ይህ ምስጋና እንዲነበብላቸው እናሳስባለን።»

ሰውየው አይቶኝ ነበር። ማንበብ እንደማልችል ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ምስጋናዬን አቧራ ስጠርግለት ኖርኩ።

ለልጃችን አላሳየኋትም። ባሳያት በአንድ ትንፋሽ ታነበዋለች፤ ግን ከአንተ አፍ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ና። ስፒከሮቹን ባሉበት ተዋቸው። ልጃችን ትኖራለች፤ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነበዋለህ። ይቅርታ አልጠየቅኩህም፤ ማንበብ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስታችን አንድ ፊልም እናያለን፤ አንዱ ወንበር ያንተ ነው፣ እኔ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ሌላ ቅዳሜ መምጣት ብትፈልግ ግን በሬ አይዘጋብህም።

ማንበቡ ከከበደህ አትምጣ። ያን ቀን ለልጃችን እኔው አነብላታለሁ። እኔ ሳነብ ቀስ እላለሁ፤ መስመር ግን አልዘልም።

የልጅህ እናት