ክፍሌን ለሌላ ሰው ከሰጠሁ ወዲህ

ሰኞ ጥቅምት 3

ዛሬም አስር ሰዓት ሊሆን ሲል እግሬ ወደ ድሮ ክፍሌ ወሰደኝ። ቦሌ ሚካኤል ከታክሲ ወርጄ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ... የዛሬው ጉብኝት መገናኛ ነው፣ የፈሂማ ክፍል። ተመልሼ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። አርፍጄ ገባሁ።

ዘጠኝ ዓመት ጎልማሶችን ፊደል አስተምሬ አሁን «የአስተማሪዎች ደጋፊ» ተብያለሁ። ሦስት አስተማሪዎች አሉኝ፤ ፈሂማ፣ ኢምራን፣ እና የኔን ክፍል የተረከቡት አዲሱ ሰውዬ። ሥራዬ ክፍላቸው ሄዶ ከኋላ መቀመጥ ነው። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማውራት። ዛሬ ምን ሠራ? ምን አልሠራም? በሚቀጥለው ምን ትሞክሪያለሽ? በቃ። ጠመኔ አልነካም።

ራት ላይ ኢሳ «እድገት ነው ብለሽ ደስ ብሎሽ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ባሌ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ የኔን ፊት ማንበብ ይችላል።

ነው አልኩት። ነው እንግዲህ...

ረቡዕ ጥቅምት 5

የድሮ ክፍሌን አየሁ። ያው ቀን ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል፣ ያው ትንንሽ ዴስክ። የኔ ወይዘሮዎች ጉልበታቸው ስለማይገባ ወደ ጎን ዞረው ነው የሚቀመጡት። ሃያ ሦስቱም ነበሩ። ስገባ ግር ብለው ተነሱ። «ጠፋሽ!» «ከሳሽ!» «ረሳሽን አይደል?» ሳሙኝ። አዲሱ አስተማሪ ሰላምታው እስኪያልቅ ጠመኔያቸውን ይዘው ቆሙ። አልወደዱትም።

ጋሽ ኣፅብሃ ይባላሉ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ዓዲግራት አካባቢ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፤ አሁን ቦሌ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ኮት ከነክራባት። ፊደላቸው እንደ ታተመ ነው፣ ቆንጆና ደቃቅ። እኔ ራሴ ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

እትዬ ካሳዬን አስነሷት። ከዴስኳ ሆና ሰሌዳውን እንድታነብ።

ዝም።

«ይኼ እኮ ባለፈው ሳምንት ያለቀ ነው። አላጠናሽም?»

አንድ ሰው ሳቀ። ቁጭ አለች።

እትዬ ካሳዬ ከሩቅ አታይም። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን በወረቀት በትልቁ እየጻፍኩ፣ ማንም ሳያይ ዴስኳ ላይ ጣል አደርግላት ነበር። ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። «ለሰው እንዳትነግሪብኝ፣ ዓይኗ ጠፍቷል ከተባልኩ ማን በኔ ሚዛን ይገዛል?» ብላኛለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የራሷ ሱቅ ላይ ስሟን በእጇ መጻፍ ትፈልጋለች።

ሲያበቁ ጋሽ ኣፅብሃን ጠየቅኳቸው። እንዴት ነበር? «ጥሩ ነበር።» ምን ይቀይራሉ? «ምንም። ወይዘሮ ራሕማ፣ እርስዎ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ አስተምር ነበር።»

የጉብኝት ቅጹ ላይ «ጥሩ» ብዬ ሞላሁ። ስለ ካሳዬ አልነገርኳቸውም። ቃል ገብቻለሁ።

ሐሙስ ጥቅምት 13

ልብስ እያጠብኩ ነበር። ድንገት «በሉ ደብተር አውጡ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለማን? ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ምን አልሽኝ?» አለችኝ።

ረቡዕ ጥቅምት 19

አስራ አራት ሰው። ካሳዬ የለችም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም አሉኝ። ጋሽ ኣፅብሃ «ጎልማሳ እንዲህ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። ባዶዎቹን ዴስኮች አየት ሲያደርጉ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ማንም አያነበውም። ሰው ሲቀንስባቸው... ደስ አለኝ።

ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጥቅምት 29

የወሩ ስብሰባ። ሦስቱም መጡ። እንዴት ነው ሥራ? ፈሂማ «ሰላም ነው፣ አልሃምዱሊላህ።» ኢምራን ከስልኩ ቀና ሳይል «አሪፍ ነው።» ጋሽ ኣፅብሃ «ጥሩ ነው።» ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የኔ ድጋፍ ይኼ ነው እንግዲህ። ሦስት «ጥሩ ነው» ሰብስቤ ወደ ቤቴ።

ልወጣ ስል አስተባባሪያችን ዓለምሰገድ ጠራኝ። «የሽማግሌው ክፍል ሰው እያለቀበት ነው። እሳቸውን በምስጋና እናሰናብታቸውና ወደ ክፍልሽ ልመልስሽ?»

ልቤ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ።

«ላስብበት» አልኩት። ለምን? ለምንድነው እሺ ያላልኩት?

እሑድ ጥቅምት 30

ለኢሳ ነገርኩት። «የፈለግሽው ይኼው አይደል? ምን ትጠብቂያለሽ?» እሱ ምን ያድርግ፣ ከመስከረም ጀምሮ ይኼንኑ ስነግረው ነው የከረምኩት። ወይዘሮዎቹ እንዴት እንደሚስቁ። «ሸ»ን ሲጽፉ ምላሳቸውን እንዴት እንደሚያወጡ። ሐሙስ ሐሙስ ቆሎ ይዘው መምጣታቸው...

ዝም ያልኩት ቃል ስለገባሁ ነው? እሺ፣ ካሳዬ ጋ ሄጄ «ለአስተማሪው ልንገራቸው?» ማለት አልችልም ነበር? ስሟን ሳላነሳስ «ጋሼ፣ ፊደሉን ተለቅ ያድርጉት» ብል? ደጋፊ የተባልኩት ለዚህች ለአንዲት ቃል አይደል? አውቄ ዋጥኳት። እንዲወድቁ ፈልጌ ነው። ክፍሌን እንዲመልሱልኝ።

ማክሰኞ ኅዳር 2

ሾላ ሄድኩ። ገና «እንዴት ዋልሽ» ስል በድምፄ ለየችኝ።

«መጣሽ?»

«እትዬ ካሳዬ፣ ለምን ቀረሽ?»

«ሥራ።»

ቲማቲም ትደረድራለች። ቆይታ፦ «ሰው ፊት እንደ ሰነፍ ልጅ ከምቆም ይቅርብኝ። አንቺም እዚያው ነበርሽ።»

«ለሰው አትንገሪ ብለሽኝ...»

«ብያለሁ። ብያለሁ እሱስ። ግን ራሕማዬ፣ ከሩቅ ባላይም ዝም ማለትሽን ሰማሁት።»

አንዲት ገዢ መጣች፣ ሽንኩርት መዘነችላት። ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አፍንጫዋ ሊነካው ምንም አይቀረው። ገዢዋ ስትሄድ «ለሳቸው ልንገራቸው?» አልኳት። የሚዛኑን ሳህን በቀሚሷ ጠረገች።

«ለሱ ብቻ» አለች።

ረቡዕ ኅዳር 3

ነገርኳቸው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ፣ እነዚያ ትንንሽ ዴስኮች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን። ስለ ዓይኗ። ስለ ወረቀቱ። ሌላውንም... ክፍሌ እንዲመለስልኝ ስል ዝም እንዳልኩ።

«ሳሳፍራት እርስዎ ከኋላ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«አራት ሳምንት ነው።»

«አዎ።»

ሰሌዳውን አጠፉ። ቀስ ብለው፣ አንዲት ነጥብ ሳይተዉ። ከዚያ ወጡ። ደህና ይዋሉ እንኳን አላሉኝም።

ዓርብ ኅዳር 5

ደወሉልኝ። ሚካኤል አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተገናኘን። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት።

«ክፍሉ ይናፍቅዎታል» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«በጣም።»

«እኔም ይናፍቀኛል። ያንተ ክፍል የት ነው ቢሉኝ ግን ታክሲ አያደርሰኝም።»

ከዚያ አወሩ። ሰምቼያቸው አላውቅም፣ እንዲህ ሲያወሩ። ስምንተኛ ቢ። ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ እጁን የሚያወጣ ክፍል ነበር። በጦርነቱ የክፍሉ ጣራ እንደተመታ ሰው ነግሯቸዋል፣ እሳቸው አላዩትም። ልጆቹ የት የት እንደደረሱ አያውቁም። አንዳንዱን ያውቃሉ... እሱን አልነገሩኝም። ብርጭቋቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡት።

«ኮቴን ለብሼ እዚያ ስገባ እነሱን ነው የማስተምረው መሰለኝ። የተቀመጡትን ሴቶች አላየኋቸውም። ከካሳዬ ይልቅ የማላየው እኔ ነኝ።»

ቀጥለው «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አሉኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ፣ መጠኑ፣ መቀመጫዋ። ዋጥ አደረግኩትና «እርስዎ ምን ይሞክራሉ?» አልኳቸው።

«ይኼ ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ነው።»

«አዎ። አሁን ግን የምሬን ነው የምጠይቀው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። «መጀመሪያ ሾላ እሄዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ኅዳር 8

አብረን ሄድን። ከነክራባታቸው በሽንኩርት ጆንያ መሀል። ካሳዬ ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ ካሳዬ፣ እንደ ልጅ ነው የተናገርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆዩ ይቺን ልመዝን» አለች።

ቆምን። መዘነች። ሌላ ሰው መጣ፣ ለሱም መዘነች። አውቃ ነው እንጂ! በመጨረሻ «ቲማቲም አትገዙም እንዴ?» አለቻቸው። ሁለት ኪሎ ገዙ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም።

በታክሲ እስከ መገናኛ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ሄዱ። ሲወርዱ ግን «ደህና ዋይ፣ ራሕማ» አሉኝ። ዋይ። አንቺ አሉኝ።

ሐሙስ ኅዳር 18

ለዓለምሰገድ ክፍሉን አልወስድም አልኩት። ጋሽ ኣፅብሃ ይቆዩ። «ምነው? ፊትሽ ሁሉ ክፍሌ ክፍሌ ሲል አልነበር?» አሁንም ይላል አልኩት።

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ አቧራው ነው ብሎ ሶፍት ሰጠኝ። አቧራው ነው አልኩት።

ረቡዕ ኅዳር 24

ካሳዬ ተመልሳለች! ሰኞ ነው የመጣችው። ከግድግዳው በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ።

ጋሽ ኣፅብሃ ያደረጉትን ልጻፈው። የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ የዕለቱን ቃላት በትልልቁ ጽፈው መጡ። ለካሳዬ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ አንድ። ማንም ለማን ተብሎ እንደተጻፈ አያውቅም። እሷ ከሌላው የተለየች አይደለችም፤ የሚደበቅም ነገር የለም። ስንት ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው?

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት ደብቄ ሰጠኋት። ይኼ አልመጣልኝም። በደንብ አስተምር እንደነበር አውቃለሁ... ግን ይኼ አልመጣልኝም። ቀናሁ። ደግሞም ኮራሁባቸው። ሁለቱ ባንድ ላይ ይሆናሉ እንዴ?

ቅዳሜ ታኅሣሥ 4

ስብሰባ። ማንንም «ሥራ እንዴት ነው» ብዬ ሳልጠይቅ ጋሽ ኣፅብሃ ቀደሙኝ። «እኔ አንዲት ተማሪ አሳፍሬ ነበር። ለምን እንዳሳፈርኳት ልንገራችሁ።» ስም አልጠሩም፣ ስለ ዓይንም አላነሱም። ስለ ስምንተኛ ቢ ግን ነገሯቸው። ከዚያ እኔ የኔን ተናገርኩ። ደጋፊያችሁ ነኝ፣ እንዲወድቁ ፈልጌ ነበር ብዬ። ፈሂማ አፏን ያዘች።

ኢምራን ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። «እኔ ትምህርቱን የማሯሩጠው... ጥያቄ እንዳይጠይቁኝ ነው። አንዳንዱን አላውቀውም።» ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ቀላ። ፈሂማ ቀጠለች። «እኔ ክፍል ሳልገባ በፊት ውጭ ቆሜ ዱዓ አደርጋለሁ። ማንም እንዳይቀርብኝ። አንድ ሰው ሲቀር ያመኛል።» ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ኢምራን የሚፈራውን ጥያቄ ተናገረ፣ ጋሽ ኣፅብሃ በናፕኪን ላይ አሳዩት። ፈሂማ የቀሩባትን ተማሪዎች ቤታቸው ሄዳ ልትጠይቅ ወሰነች፣ እኔ አብሬያት ልሄድ።

ቅጹን መሙላት ረሳን።

ሐሙስ ጥር 14

አስር ሰዓት። አሁንም እግሬ ወደዚያው። መቼ ነው የሚለቀኝ?

ረቡዕ የካቲት 4

ሃያ አንድ ሰው። አዲስ ተማሪ መጥታለች፣ ሳና ትባላለች፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ካሳዬ አጠገብ አስቀመጧት። ጋሽ ኣፅብሃ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቅለውታል። ዴስክ ለዴስክ እየዞሩ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

ዛሬ ከራሳቸው ዓረፍተ ነገር እንዲያወጡ ነበር። ካሳዬ «ቲማቲም ዛሬ ተወዷል፣ ነገ ግን ይረክሳል» ብላ ጻፈች። «ረ» ላይ ተቸገረች፣ አየኋት። ልነሳ ምንም አልቀረኝም። እጇን አነሳች፣ ወደሳቸው። መጡ፣ ጣታቸውን በአየር ላይ ስለው አሳዩዋት፣ ጻፈችው። ተሳሳቁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ሳና ዞር ብላ አየችኝ። ወደ ካሳዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ የምሰማት ሳይመስላት፦ «ያቺ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ማናት?»

ካሳዬ ከደብተሯ ቀና ሳትል መለሰችላት። «እሷ? የጋሼ አስተማሪ ናት።»

ጠበቅኩ። «የኔም ነበረች» ትላለች ብዬ። ሦስት ዓመት... ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለች።

አላረምኳትም።