ከየት መጣህ ብሎ ያልጠየቀህ ሐኪም

ብሩኬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ንዴቴ ግን አልተቀበረም። ለቅሶ የመጡት ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ሲሉኝ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ቀንህ አልደረሰም። የገደለህ መዥገር ነው፤ መዥገርና አስተውሎ ያላየህ ሐኪም።

ከፔንሲልቬንያ ስትመለስ ትራክህን እዚህ ጆርጂያ፣ ታከር ከተማ አቁመህ ቤት መጣህ። መንገድ ላይ ሣር ውስጥ ጋደም ብለህ ነበር። ከጉልበትህ ጀርባ የተጣበቀችውን፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክለውን አሳየኸኝና፣ የአሜሪካ መዥገርም እንደኛ ኦቨርታይም ይሠራል ብለህ ሳቅክ። ከብት ላይ እንደሚደረገው በላይተር አቃጠልካት። መዥገር ያዘኝ ማለት ስላሳፈረህ ለሐኪሙም ሳትነግረው ቀረህ።

ትኩሳቱ መጣ። መዥገሯ በነከሰችህ ቦታ ክብ ምልክት ወጥቶ እየሰፋ ሄደ፤ በጥቁር ቆዳህ ላይ ቀይ ሳይሆን የበለዘ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ተመትተህ ነው ብሎ ሸኘህ። ከሳምንታት በኋላ መዥገሯ ያስያዘችህ የላይም በሽታ ልብህ ገባ። ሻወር ውስጥ ስትወድቅ በሩን በትከሻዬ ሰብሬ ገባሁ፤ አልደረስኩም።

ከቀብርህ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጠረጴዛውን በጡጫዬ ስደበድብ፣ ላይም ጆርጂያ ውስጥ ብርቅ ነው አለኝ። ፔንሲልቬንያ ግን ሞልቷል። አገር ለአገር የሚነዳውን ሰው ከየት መጣህ ብሎ እንኳ አልጠየቀም!

ሊልበርን ከተማ ያለው የቤታችን ጓሮ ተለውጧል። መዥገር እንዳይደበቅበት አጥሩ ላይ የወጣውን ሐረግ እጄ እስኪደማ በመጥረቢያ ጨፈጨፍኩት።

ባለፈው ወር ደግሞ ወንድምህ አቤል ከዚያው መንገድ ሲመለስ ክንዱ ላይ ያንኑ ክብ አየሁ። ሪላክስ አድርጊ፣ በልዞ ነው አለኝ። በሸሚዙ አንገትጌ ጎትቼ መኪና ውስጥ ወረወርኩትና ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ የደም ውጤት ይጠበቅ ስትል በሩን በጀርባዬ ዘጋሁ። ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላያሳይ ይችላል፣ ክቡን ካየሽ ይበቃል፣ አንቲባዮቲኩን አሁኑኑ ጻፊ አልኳት። ጻፈች። ክኒኑን እስከ መጨረሻው አስዋጥኩት። ዳነ፣ ብሩኬ።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ወደ ሰሜን ወጣ። ሱሪውን ካልሲው ውስጥ አስከትቼ፣ የነፍሳት መከላከያ ረጭቼ፣ ቀጭን ወረንጦ ሰጠሁት፦ መዥገር ካገኘህ ቆዳው ጥግ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳባት፤ እሳት የለም፣ ቅቤ የለም። ወታደር አስመሰልሽኝ ብሎ አሾፈብኝ። ያሹፍ። ሲመለስ ልብሱ በቀጥታ ትኩስ የልብስ ማድረቂያ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ብብቱም የፀጉሩ ሥርም ሳይፈተሽ እራት አይቀርብለትም።

ሻማ የሚያበሩልህ ሌሎች አሉ። እኔ የማስታውስህ የሹፌሮችን እጅጌ እየሰበሰብኩ፣ ከየት መጣህ እያልኩ ነው። እስክሞት እጠይቃቸዋለሁ።

ሚስትህ