አሮጌው ሚክሰርና የአባ ጾመ ድጓ

ጥቅምት 21 ቀን 1995፣ ደባርቅ
ብርዱ ጀመረ። ጠዋት ቀረጻ ቤቱን ስከፍት ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። የሠርግ ካሴት ሳባዛ ዋልኩ። ድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር አሁንም ይንኮሻኮሻል። ፌደሮቹን፣ እነዚያን ድምፅ ለመጨመር ወደ ላይ፣ ለመቀነስ ወደ ታች የምገፋቸውን፣ ነካ ባደረግሁ ቁጥር ደረቅ ቅጠል የተረገጠ ይመስላል። ለሠርግ ዘፈን ማን ያስተውለዋል? ይቆይ።

ጥቅምት 24
አባቴ ከጎንደር ሐኪም ቤት ተመለሱ። ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት አለ፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ክፉ ይሁን አይሁን ወጥቶ ካልተመረመረ አይታወቅም። ድምፃቸውም ላይመለስ ይችላል ተብሏል። የነገረችኝ እናቴ ናት። አባ እራታቸውን በልተው ጸሎታቸውን አደረሱ።
የዜማ መምህር ያለ ድምፅ... ምን ይሆናል?

ጥቅምት 26
አባ ቀረጻ ቤት መጡ። ከከፈትኩ ጀምሮ እግራቸው ረግጦት አያውቅም፤ “የዘፈን ቤት” ነው የሚሉት። ቆመው ዕቃውን ሁሉ አዩና ጾመ ድጓውን መቅዳት ትችያለሽ ወይ አሉኝ። ተማሪዎቻቸው ገና መሀል ላይ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲደርስ ማን ይመራቸዋል?
እችላለሁ አልኩ። አፌ ፈጠነ።

ጥቅምት 29
ተበላሸ። አባ ጉሮሯቸውን እያመማቸው፣ ውሃ እየተጎነጩ እስከ ቀትር አዜሙ። መልሼ ስሰማው ፌደሩን ባንቀሳቀስኩበት ቦታ ሁሉ ኮሽታ... ከዚያ ዝም። ሙሉ ሐረግ የለም። ስቀዳ ኮሽታው ይሰማኝ ነበር፤ ትንሽ ነው ብዬ ላስቆማቸው አልደፈርኩም። ሌሎቹን ፌደሮች ሞከርኩ፤ ሁሉም ያው።
እንዴት ልንገራቸው? ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጥቂት ቀን ልረፍና እንደግመዋለን አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 1
ሚክሰሩን ፈታሁት። በአልኮል ጠረግሁት፤ አልረባም። ፌደሮቹ የሚንሸራተቱበት ጥቁር መስመር በዘመን ብዛት ተልጦ ነጭ ሆኗል። መቀየር እንጂ መጥረግ አያድነውም። ጎንደር ደወልኩ፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ መለዋወጫ የለም ተባልኩ። አዲስ አበባ ይጠየቅ... መቼ ሊደርስ?
እናቴ ዳባት ያለውን ያርጋልን ጠይቂው አለችኝ። ድሮ የኪነት ቡድን መሪ ነበር፤ አሁን እህል ይነግዳል።

ኅዳር 3
ዳባት ሄድኩ። ያርጋል መጋዘን ውስጥ፣ ከገብስ ጆንያ ጀርባ፣ የእኔው ሚክሰር መንታ! ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ቡድኑ ከተበተነ ወዲህም የነካው የለም። ፌደሮቹ ግን ሸራ ለብሰው ከርመው እንደ ቅቤ ይንሸራተታሉ።
ለምን እንደፈለግሁት ነገርኩት። መልሶ ሸራውን አለበሰው። አብረውኝ ከዘፈኑት አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ከዚያ ጊዜ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው አለ። እውነቱን ነው። ተሰናብቼው ወጣሁ። መንገድ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠራኝ።
“አባትሽ መሪጌታ ኪነት ስገባ አውግዘውኛል፤ ታውቂያለሽ?”
አላውቅም ነበር።
“እናቴ ስትሞት ግን ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ፍትሐቷን ያደረሱላት እሳቸው ናቸው። ነይ ፀጋ፣ ውሰጂው።”

ኅዳር 5
የያርጋልን ፌደሮች ወደ እኔው ሚክሰር ለማዛወር ቀኑን ሙሉ ብየዳ። የአሮጌዎቹን እግር ማላቀቁ ነው የከበደኝ። መሀል ላይ መብራት ሄደ፤ መበየጃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አንዱን ፌደር ገልብጬ በይጄው ኖሯል... ወደ ላይ ስገፋው ድምፁ ይቀንሳል። ብቻዬን ሳቅሁ። ፈትቼ ደገምኩ።
አመሻሽ ላይ ሁሉንም ሞከርኩ። ኮሽታ የለም። ድምፁ ሳይቆራረጥ ወጣ፣ ወረደ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እፎይ።

ኅዳር 8
ተቀዳ! አባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዜሙ። አንድ ቦታ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ላቁም? በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ። መልሼ ሰማሁት፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም።
ያርጋል ከዳባት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ሲጨርሱ ቀርቦ ጉልበታቸውን ሳመ። አባ ራሱን ዳበሱት።

ኅዳር 18፣ ጎንደር
እብጠቱ ወጣ። አባ ተኝተዋል። ይተነፍሳሉ... እሱን እቆጥራለሁ።

ታኅሣሥ 2
ክፉ አይደለም! ሐኪሙ እንዲደግምልኝ ለመንኩት፤ ደገመልኝ። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የድምፃቸው ነገር ገና ይጠበቃል። እስከዚያ እንዳይናገሩ ታዘዋል።

ጥር 15፣ ደባርቅ
አሁን ትምህርቱ የሚካሄደው “የዘፈን ቤት” ውስጥ ነው። ወንበሬን አባ ወስደውብኛል። ካሴቱ ያዜማል፤ ተማሪዎቹ ይከተላሉ። መሀል ላይ አባ ፌደሩን ቀስ አድርገው ዝቅ ያደርጉና የገዛ ድምፃቸውን ያጠፉታል። ተማሪዎቹ ብቻቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ መልሰው ከፍ ያደርጉታል... ከካሴቱ ጋር ተገናኙ ወይስ ተለያዩ? ከተለያዩ ወለሉን በመቋሚያ መምታት ነው። እስከ ትናንት ሲመታ ሰነበተ።
ዛሬ ልክ በቦታው ተገናኙ። አባ ወደ እኔ ዞሩ።
“አየሽ?” አሉኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው።
ሻካራ ነው። ቀጭን ነው። ግን የእሳቸው ድምፅ ነው። ተማሪዎቹም ሰሙ። ዜማቸውን አቋረጡ፤ ካሴቱ ብቻውን ቀጠለ።