ሚስቴን ከጋቢና ላወረዱት፣ ግመሉን ግን ከመንገድ ላላወረዱት ሊቀመንበር

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል

ለክቡር ምዜ ሻሪፍ፣ የድንበር ተሻጋሪ ጭነት መኪኖች ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የመኪና ማቆሚያችን አባት፣ በግድግዳው ላይ ለሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ ፈራሚ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ሰውየውን ብቻ ጠይቆ አይቆምምና፣ ከብትዎ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናቡ ጣለ ወይ፣ የግጦሹ ነገር እንዴት ነው፣ በሂና የሚያቀሉት ያ ያማረ ጺምዎስ ደህና ሰነበተ ወይ እያልኩ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዎ እንደ አዲሱ አስፋልት የረዘመና ጉድጓድ የሌለበት ይሁን፤ ጤናዎም ቀኝና ግራውን ሳይስት ረድፉን ይዞ ይዝለቅ።

እኔ ጎልቻ ጉዮ እባላለሁ። ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ በተዘረጋው መንገድ ላይ አንድም መኪና ቀድሞኝ የማያውቅ፣ ተሳቢዬን ይዤ ስወጣ ነፋስ እንኳ ፍሬቻ አሳይቶ ከኋላዬ የሚሰለፍ ሹፌር ነኝ። አንድም ስል እንግዲህ ማታቱ የሚባሉትን የኬንያ ሚኒባሶች ሳልቆጥር ነው። ቦዳቦዳዎቹንም እንደዚሁ፤ ሞተር ብስክሌት መኪና አይደለምና። ከኡራን በጎች ጭኖ የሚመጣ አንድ አሮጌ ሎሪም ቀድሞኛል፤ እሱ ያለፈኝ ግን ጎማ ስቀይር ቆሜ ስለሆነ አይያዝብኝም። ነፋሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍሬቻ አያሳይም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከጎማ ቤቱ ጀርባ መምህርት ምንታምር ለሹፌርና ለነጋዴ በምታስተምረው የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ፈቲያ ናት፤ እኔ ከወንዶቹ አንደኛ ነኝ ለማለት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር ሳይ በክላክስ ሰላም ብዬው አልፍ ነበር። አሁን ግን ሳላነብ አላልፍም፤ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር አነባለሁ፤ ከኋላዬ የሚመጡትም ይህን ያህል ለምን እንደማዘግም አይገባቸውም።

ክቡርነትዎ፣ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ያለማንም እርዳታ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጣቴን እያስኬድኩ ያነበብኩት የመጀመሪያው የግድግዳ ጽሑፍ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሚስትም ሆነች ሌላ ሴት ዘመድ በጭነት መኪና ጋቢና እንዳትሳፈር፤ ወሬዋ ሹፌሩን እያዘናጋ ደርቦ በሚቀድምበት ጊዜ አደጋ ያመጣልና።» ሌላው ሰው ማንበብ ሲችል መጀመሪያ የሚያነበው የሃይማኖቱን መጽሐፍ ነው፣ ወይም ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ ነው። እኔን የገጠመኝ ሚስቴን ከጎኔ የሚያወርድ ወረቀት ሆነ። ትምህርት ብርሃን ነው ሲሉ የሰማሁት በዚህ ተረጋግጦልኛልና ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺ መስመር ትሰረዝልኝና ፈቲያ ወደ ወንበሯ ትመለስ። ምክንያቴን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ መምህርታችን ቁጥር ያለው ቅሬታ ቁጥር ከሌለው ይበልጣል ብላናለች።

አንደኛ፦ እርስዎ የማያውቁት ነገር ባይኖርም፣ ለሚያነበው ሕዝብ ስል ላስረዳ። ከወዲያ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ ቀኝ ይዘን እንነዳለን። ኬላውን ስንሻገር ግራ ይዘን እንነዳለን። እኛ ረድፍ ስንቀይር የመኪናው መሪ ግን አይቀይርም፤ ለኢትዮጵያ መንገድ ተሠርቷልና በግራ እንዳለ ይመጣል። ስለዚህ በእርስዎ መንገድ ላይ ሹፌሩ የሚቀመጠው በዳር በኩል፣ በቁጥቋጦው በኩል ነው። ከፊቴ ሎሪ ካለ የሚታየኝ የሎሪው ጀርባና የግራር እሾህ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ማየት የሚችለው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እዚያ የምትቀመጠው ደግሞ ፈቲያ ናት። አንገቷን ወጣ አድርጋ መንገዱን ታያለች። በስዋሂሊዋ «ኤንዳ» ካለችኝ ደርቤ እሄዳለሁ፤ «ንጎጃ» ካለችኝ እቆያለሁ። በቤታችንም የሚሠራበት ይኸው ሕግ ነው።

ወሬዋ ያዘናጋል ለተባለው፣ ፈቲያ ከሞያሌ እስከ ቱርቢ የምትናገረው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። መንገዱን በሙሉ የሚያወራው እኔ ነኝ። ማስታወቂያው «ወሬኛው ይውረድ» ብሎ ቢሆን ኖሮ መኪናው ያለ ሹፌር ይቀር ነበር።

ደግሞም የዳበል መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ግመል አርቢ ነው። ገና በልጅነቷ ከሩቅ አቧራ ሲነሣ ግመል ይሁን መኪና፣ ግመልም ከሆነ የማን ግመል እንደሆነ ትለይ ነበር ይባላል። የምትለው ራሷ ናት፤ ቢሆንም ተሳስታ አላየኋትም። እንዲህ ያለ ዓይን ለማቆሚያችን ተቀጥሮ ቢመጣ ቤትና ቀለብ ይሰጠው ነበር፤ እርስዎ ግን በነፃ አገኙትና ከመኪና አወረዱት።

ሁለተኛ፦ የግመሉ ጉዳይ። ከደቡብ ጭነን ስንመለስ፣ ወደ ከተማው የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሰው ምሳውን በልቶ በሚከብድበት ሰዓት፣ ፍየል የጫነ ሎሪ ከፊታችን ያዘግም ነበር። የፍየሎቹ ሽታ ጋቢናችን ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ መቅደም ፈለግሁ። ፈቲያን «በቀኝ በኩል ባዶ ነው?» አልኳት። «ባዶ ነው» አለችኝ። «ታዲያ ልሂድ?» ብላት «ንጎጃ» አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ ከሆነ ማንን ነው የምጠብቀው?» ብላት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ጎልቻ፣ ንጎጃ ብዬሃለሁ» አለችኝ። በባዶ መንገድ ላይ የምታስቆም ሚስት የሰጠኝን አምላክ እያማረርኩ ቆየሁ።

ለካስ እሷ ከኩርባው በላይ አንድ ግመል አይታ ኖሯል። ግመሉ የሚመጣው መምጣት በነበረበት ረድፍ ሳይሆን በእኛው ረድፍ፣ ፊት ለፊት ወደ ፍየሉ ሎሪ ነበር። የሎሪው ሹፌር ደንግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ወደዚያ ባዶ ወደተባለው፣ ፈቲያን ባልሰማት ኖሮ እኔ ከነተሳቢዬ ወደምገኝበት ቦታ ማለት ነው። ፍየሎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። እኔ ፍሬን ላይ ቆምኩ። ግመሉም ወደ አቧራው ወጣና በእኔ መስኮት ሥር አለፈ።

ዓይን ለዓይን ተያይተናል፤ እኔ ከላይ እሱ ከታች። ጺሙ ቀላ ያለ፣ በዝግታ የሚያመነዥክ፣ ምሳውን ከወዲያ ማዶ በልቶ የመጣ ግመል ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል መምጣቱን ያወቅሁት ቀኙን ይዞ በመምጣቱ ነው፤ ኬላውን ሲሻገር ረድፍ መቀየሩን ረስቶታል። ይቅርታ የሚመስል ምልክት አላሳየም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ፈቲያን አየና፣ ፈቲያ እንዳየችውም ካየ በኋላ፣ አንገቱን አቅንቶ መንገዱን ቀጠለ።

ማስታወቂያዎ የተለጠፈው ከዚህ በኋላ፣ ገና የፍየሎቹ ሽታ ከጋቢናዬ ሳይለቅ ነው። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስለ ግመል አንድም ቃል የለበትም። የኮሚቴው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ መንገድ የሳተውን ትቶ ያየችውን ማውረድ ለማንም ሰው አይታሰብም።

ሦስተኛ፦ በፈቲያ ፋንታ ኮሚቴው ስለመደበልኝ ረዳት ስለ ሂካ ከልብ አመሰግናለሁ። የእርስዎ የእህት ልጅ መሆኑን ሰምቼ ኮርቻለሁ። ሂካ ባለግርማ ሰው ነው፤ ወንበሩን ሞልቶ ሲቀመጥ የቀኙ ስፖኪዮ አይታየኝም። «ሂድ» ሲለኝ ደርቤ ወጣሁ፤ ማታቱ እየከነፈ ከፊት መጣ። እንደምንም ወደ ረድፌ ተመልሼ፣ ላቤን እየጠረግሁ «ወንድሜ፣ ማታቱውን አላየኸውም?» ብለው፣ «አይቼዋለሁ፤ እኛ ትልቅ ስለሆንን ይቀንሳል ብዬ ነው» አለኝ። በሌላ ጊዜ «ሂድ» ብሎኝ ጥቂት ቆይቶ «ተው» አለኝ፤ ተውኩት፤ መንገዱ ነፃ ሲሆን «እኔ ሂድ ብዬህ ነበር እኮ» ብሎ እስከ ማረፊያችን ድረስ አኮረፈኝ።

ከዚያ ወዲህ መቅደም ትቻለሁ። ባለፈው ሳር የጫነ ሎሪ ተከትዬ ከዋልዳ እስከ ሞያሌ መጣሁ። ማንም የማይቀድመው ጎልቻ ማንንም የማይቀድም ጎልቻ ሆነ። የቦዳቦዳ ልጆች በጎኔ እያለፉ «ምዜ፣ ፖሌ ፖሌ»፣ ሽማግሌው ቀስ ቀስ፣ ይሉኛል፤ በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ምክሩ መልካም ነው፤ የሚነገርበት ፈገግታ ግን ከእርስዎ ማስታወቂያ ይከብዳል።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ለአፍታ ዳር ላቁመውና፣ እኔ ፈርቻለሁ። በዚህ መንገድ ላይ የአገሬ መኪኖች ተገልብጠው አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ሹፌሮች ዕውር ሆነው አይደለም፣ በቀኛቸው የሚያይላቸው ስላጡ ነው። ፈቲያም እቤት ተቀምጣ አልተቀመጠችም። ስወጣ ከመኪናው በቀኝ በኩል ቆማ ወንበሯን ታየዋለች፤ ሂካ በመስኮቱ እጁን ያውለበልብላታል። በመንገድ ላይ ትደውልልኛለች፤ እየነዳሁ ስልክ እንዳላነሣ በሌላኛው ማስታወቂያዎ ስለተከለከልኩ አላነሣም፤ ስልኩ ሲጮህ «ንጎጃ» የምትለኝ ይመስለኛል። ስለዚህም እቆያለሁ፤ ጭነቴም ከእኔ ጋር ይቆያል።

አራተኛ፦

ይህ ቁጥር ባዶ የሆነው ረስቼ አይደለም። ፈቲያ እንደ መንገዱ ደብዳቤውንም ከጎኔ ሆና ታየዋለችና፣ እዚህ ስደርስ «ንጎጃ» አለችኝ። ስለዚህ ቆሜያለሁ። ቦታው ግን ይያዝልኝ።

አምስተኛ፦ ቅሬታ ብቻ የሚያቀርብ ሰው ምቀኛ ነው እንዳይባል ሐሳብም አለኝ። ኬላው እንደታለፈ «ከዚህ በኋላ ግራ» የሚል ምልክት ቢተከል፣ ቁመቱም በግመል ዓይን ልክ ቢሆን መልካም ነው። በተለይ ከወዲያ ማዶ ጥብስ በልተው ለሚመለሱ ግመሎች ጽሑፉ ጎላ ቢል አይከፋም፤ የጠገበ ዓይን ትንሽ ፊደል አያይም። ግመሉን ማንበብ እምቢ ካለውም የማታው ትምህርት በሩ ክፍት ነው፤ መምህርት ምንታምር ተማሪ በመልኩ አታዳላም። እኔ ራሴ አጠገቤ አስቀምጬ ቀኝና ግራውን አስጠናዋለሁ።

ሀሳቤን በዚህ ስቋጭ፣ የጻፍኩትን በትዕግሥት ያነበቡበትን ዓይን ፈጣሪ ያበርታልዎ፤ ያላነበቡትም እንደሆነ ያስነበቡትን ሰው ጉሮሮ ይጠብቅልዎ። ፊርማዎ ከግድግዳችን፣ ግርማዎ ከማቆሚያችን አይለይ። ከኋላዎ ተሰልፌ፣ ፍሬቻዬን አብርቼ፣ መልስዎን የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ ጎልቻ ጉዮ፣
የከባድ መኪና ሹፌር፣ የማታ ተማሪዎች (የወንዶቹ) አንደኛ

ይድረስ ግልባጭ፦ ለማቆሚያው ግድግዳ፣ ከማስታወቂያው ጎን።

ጥቂት ጨምሬ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስነሣ ፈቲያ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችና ተቆጣች። «ግመል በሕይወቱ ረድፍ ስቶ አያውቅም፤ የአባቴን ከብት ስም በሰው ጥፋት አታጥፋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ የዳበልን ግመሎች በሙሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳልል፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ግመሉን መሆኑን አስታውቃለሁ። አራት እግር ሳይሆን አራት ጎማ ነበረው፤ ነጭ ነበር፤ ሲያመነዥክ የነበረውም ሳር አልነበረም። ጺሙን ግን እንዳየሁት ነው የጻፍኩት። የማን እንደነበረ ለአራተኛው ቁጥር የተቀመጠ ነው፤ ቦታውም ይበቃል። ፈቲያ የታርጋውን ቁጥር ሳይቀር ታስታውሳለች፤ ያቺ መስመር ከማስታወቂያው ላይ ከተሰረዘች ግን ግመሉ ግመል ሆኖ እንዲቀር አባቷን ታስማማለች። ለጊዜው «ንጎጃ» እያለችኝ ነው፤ እኔም እርሳሴን ቀርጬ ቆሜያለሁ።